«ጌም ነው» ብዬ የዘጋሁት ካርድ፦ «ስንት ሰዓት?» ከማለታችሁ በፊት «የትኛውን ጌም?» በሉ

 

በውስጥ መስመር ከምትልኩልኝ ጥያቄዎች አንዱ ሰሞኑን በጣም ተደጋግሟል፦ «ዶክተር፣ ልጄ ከጌም አልላቀቅ አለኝ፤ ምን ላድርገው?» ባሎቻቸውን ከሰው የጻፉልኝ ሚስቶችም አሉ። (ፈገግ ብዬ አነበብኩት፣ ግን ቀልድ አይደለም።) ለእያንዳንዳችሁ መመለስ ስላልቻልኩ የማስበውን ዛሬ ሰብሰብ አድርጌ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ግን የራሴን ስህተት ላስቀድም። ስለ ጌም የነበረኝን አቋም የቀየረው ይሄ ስህተት ነውና።

(ታሪኩን የማካፍላችሁ በልጁና በእናቱ ፈቃድ ነው። ማንነታቸው እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገሮችን ቀይሬያለሁ።)

ልጁ 16 ዓመቱ ነው። እናቱ ይዛው የመጣች ቀን የታካሚው ሰልፍ እስከ ውጭ በር ይደርስ ነበር። «ምንህን አመመህ?» አልኩት። እሱ አፉን ሳይከፍት እናቱ ቀደመችው። «ራሴን እያለ ሁለት ወር ሆነው ዶክተር። እንቅልፍም የለው። ከስልኩ ላይ አይነሳም፣ ቀንና ሌሊት ጌም ነው! በናትህ አንተ ምከርልኝ፣ እኔን አልሰማኝም ብሏል።»

መልሱን ያገኘሁት መሰለኝ። ራስ ምታት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ጌም። አለቀ። ግፊቱን ለካሁ፣ ደህና ነው። ትኩሳት የለውም። ማስታገሻ ጻፍኩለት። ከዛ ቆጣ ብዬ «ጌሙን ከስልክህ ላይ አጥፋው» አልኩት። አንገቱን ደፍቶ «እሺ» አለ። ካርዱን ዘጋሁና ቀጣዩን ታካሚ ጠራሁ። ሁሉም ነገር አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሰው መጡ። ልጁ ጌሙን እውነትም አጥፍቶታል። ራስ ምታቱ ግን እንዳለ ነው። እንቅልፉም አልተመለሰም። እናቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ዶክተር፣ አሁን ደግሞ ጭራሽ ከሰው ጋር ማውራት አቆመ። ይሄስ ከጌሙ ባሰብኝ» አለችኝ።

ደነገጥኩ። እናቱን ትንሽ ውጭ እንድትጠብቀን ለመንኳትና መጀመሪያ ቀን መጠየቅ የነበረብኝን ጠየቅኩት፦ «የትኛውን ጌም ነበር የምትጫወተው? ከማን ጋ?»

«ፐብጂ» አለኝ። «ከወንድሜ ጋ።»

ታላቅ ወንድሙ ዐረብ አገር ከሄደ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ከሥራ የሚወጣው እኩለ ሌሊት አካባቢ ነው። ልጁም የሌሊት ኢንተርኔት ጥቅል ስለሚረክስ በዛው ሰዓት ይገባል። «ስልክ ሲደውል 'ደህና ነህ? ደህና ነኝ፣ እማዬስ?' ነው፤ ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ጌም ላይ ግን ማይክ ከፍተን እየተጫወትን እናወራለን። ይሰድበኛል፣ እሰድበዋለሁ፣ እንስቃለን። እዚህ ቤት ያለ ነው የሚመስለኝ።»

እኔ በአምስት ደቂቃ «አጥፋው» ያልኩት ይሄንን ነው።

ቀጥዬ ግድግዳው ላይ ያለውን የዓይን መመርመሪያ ሰሌዳ አስነበብኩት። አንድ ዓይኑን ሸፍኖ ከላይ ጀመረ፤ ሦስተኛው መስመር ላይ ዓይኑን አጥብቦ ቆመ። ለካስ ክፍል ውስጥ የሚቀመጠው ኋላ ነው፤ ጥቁር ሰሌዳውን ለማየት ቀኑን ሙሉ ዓይኑን ሲያጠብ ነው የሚውለው። ወደ ዓይን ሐኪም ላክሁት፣ መነጽር ታዘዘለት። ራስ ምታቱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ለቀቀው።

ያ ሰሌዳ በመጀመሪያው ቀንም እዛው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር። «ጌም» የምትለዋ ቃል ስትነሳ ግን እኔ መመርመሬን አቁሜያለሁ።

ዛሬ የምላችሁ ነገር ይሄ ነው። እኛ ሐኪሞችም፣ እናንተ ወላጆችም «ጌም» የሚለውን ቃል ስንሰማ ማሰብ እናቆማለን። ወይ «ምን ችግር አለው፣ ልጅ አይደል» ብለን እንተወዋለን፣ ወይ «ይሄ ጌም ልጄን ገደለብኝ» ብለን ስልክ እንነጥቃለን። ሁለቱም ከመጠየቅ የሚያድኑ መንገዶች ናቸው።

እኔም እጫወታለሁ፤ ልደብቃችሁ አልፈልግም። ኢንተርን በነበርኩ ጊዜ በዲውቲ ማረፊያ ክፍል ውስጥ አንድ የኢፉትቦል ጨዋታ ከጓደኛዬ ጋር ተጫውቼ የከበደ ሌሊት ያለፈልኝ ብዙ ጊዜ ነው። «አንድ ልድገም» እያልኩ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ድረስ ቆይቼ በማግስቱ ራውንድ ላይ ቆሜ ያንቀላፋሁበት ቀንም አለ። ስለዚህ ይሄን የምጽፈው ከውጭ ሆኜ አይደለም።

«ጌም» አንድ ነገር አይደለም

አንድ ሰው «ልጄ ምግብ ይበላል» ቢለኝ ምንም አልነገረኝም። ሽሮም ምግብ ነው፣ ኬክም ምግብ ነው። ጌምም እንደዛው ነው። አሁን አሁን ታካሚዎቼን ስለ ሲጋራ፣ ስለ መጠጥና ስለ ጫት ስጠይቅ «ምን ጌም ትጫወታለህ? ትጫወቻለሽ?» ብዬም እጠይቃለሁ። መልሳቸው ብዙ ነገር ይነግረኛል። ብዙ ጊዜ የምሰማቸውን በዚህ መልክ እከፍላቸዋለሁ፦

1. ፊሽካ የሚነፋባቸው። ኢፉትቦል፣ ኤፍሲ (ስሙ እ.ኤ.አ. በ2023 ቢቀየርም አብዛኞቻችን አሁንም «ፊፋ» ነው የምንለው)። አንዱ ጨዋታ አሥራ ምናምን ደቂቃ ቢወስድ ነው። ያልቃል። ማለቁ ደግ ነው፤ «ሁለት ጨዋታና በቃ» ማለት ይቻላል። እዚህ ጋ የምፈራው እልህን ነው። ሦስት ለዜሮ የተሸነፈ ሰው ተነስቶ አይተኛም። ሰፈር ባለው ፕሌይስቴሽን ቤት ደግሞ «ተሸናፊ ይከፍላል» የሚባል ነገር አለ። ልጃችሁ ብር እየጠፋበት ከሆነ ጥያቄው ሌላ ነው።

2. መሃል ላይ ማቆም የማይቻልባቸው። ፐብጂ፣ ፍሪ ፋየር፣ ኮል ኦፍ ዱቲ። ፐብጂ ላይ 100 ሰው በፓራሹት ይወርዳል፣ ሜዳው እየጠበበ ይሄዳል፣ የመጨረሻው የተረፈ ያሸንፋል። አንዱ ዙር ግማሽ ሰዓት ያህል ሊወስድ ይችላል። የቀጥታ ጨዋታ ስለሆነ «ቆይ» የሚባል ነገር የለም፤ መሃል ላይ የወጣ ጓደኞቹን ጥሎ ነው የወጣው። እናት «እራት ቀርቧል፣ አሁኑኑ ተነስ!» ስትል ልጁ የሚቆጣው ብዙ ጊዜ ባለጌ ስለሆነ አይደለም፤ ቡድኑን ሊከዳ ስለሆነ ነው። «ይሄ ዙር ሲያልቅ ትመጣለህ፣ ሌላ አትጀምርም» በሉት። እኔ ይሄን የመከርኳቸው ቤተሰቦች ጩኸቱ ቀንሶላቸዋል።

3. መጨረሻ የሌላቸው። ካንዲ ክራሽ፣ ብሎክ ብላስት፣ ሰብዌይ ሰርፈርስ፣ የአገራችን ልጆች የሠሯት ኩኩሉም (ዶሮዋ ከአሳዳጇ የምታመልጥባት) ከሩጫዎቹ ወገን ናት። እነዚህን የሚጫወቱት «ጌም አልጫወትም» የሚሉኝ ሰዎች ናቸው! የኔዋ አክስት ስለ ልጇ ፐብጂ ስታማርር እጇ ላይ ካንዲ ክራሽ ተከፍቶ ነበር። ካንዲ ክራሽ ከ10 ሺህ በላይ ደረጃዎች አሉት። አምስት ነፍስ ይሰጣችኋል፣ ሲያልቅ አንዷ ነፍስ እስክትመለስ 30 ደቂቃ ትጠብቃላችሁ። ያቺ ግማሽ ሰዓት ዕረፍት ትመስላለች፤ ሥራዋ ግን ቶሎ ቶሎ ስልካችሁን እንድታዩ ማድረግ ነው። ለታክሲ ሰልፍ ጥሩ ጓደኛ ናት፤ አልጋ ውስጥ ግን ፊሽካ የሚነፋላችሁ ዳኛ የለም።

4. ጌም የሚመስሉ ቁማሮች። አውሮፕላኗ ሳትጠፋ ብር የሚወጣበት፣ የሚሽከረከረው፣ የሚገለበጠው። ስማቸውም መልካቸውም ጌም ነው፤ ሥራቸው ግን ቁማር ነው። ልጃችሁ ወይም ባላችሁ «ጌም ነው» ካላችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ብር ይገባል? ብር ይወጣል? መልሱ አዎ ከሆነ የዛሬው ጽሑፍ አይበቃችሁም፣ እርዳታ ፈልጉ። ተራ ጌሞች ውስጥም በብር ተገዝተው ውስጣቸው ምን እንዳለ ሳይታወቅ የሚከፈቱ «ሳጥኖች» አሉ። ቤልጂየም እ.ኤ.አ. በ2018 እነዚህን በክፍያ የሚገዙ ሳጥኖች ቁማር ናቸው ብላለች። ስለዚህ የክፍያ የይለፍ ቃላችሁን ለልጅ አትስጡ።

ጥቅምስ የለውም ወይ?

አለው፤ ግን አናጋንነው። እ.ኤ.አ. በ2007 አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት 33 ቀዶ ሐኪሞችን አይቶ ነበር። ቀደም ሲል በሳምንት ከ3 ሰዓት በላይ ቪዲዮ ጌም ይጫወቱ የነበሩት፣ በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብቶ በሚሠራ ቀዶ ሕክምና ልምምድ ላይ 37 በመቶ ያነሰ ስህተት ሠርተዋል፣ ፍጥነታቸውም በ27 በመቶ የተሻለ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ከ8 እስከ 12 ዓመት ላሉ የትኩረት ማነስ ችግር ያለባቸው ልጆች አንድ ቪዲዮ ጌም በሐኪም ትእዛዝ እንዲሰጥ ፈቅዷል።

ይሄን ስላችሁ «ልጄ ፐብጂ ስለሚጫወት ቀዶ ሐኪም ይሆናል» እንዳትሉኝ! የመጀመሪያው ጥናት ትንሽ ነው፤ ጌሙ ጎበዝ አድርጓቸው ይሁን ወይስ እጃቸው ጎበዝ ስለሆነ ጌም ወደው እንደሆነ አይለይም። ሁለተኛውም ለዚሁ ተብሎ የተሠራ እንጂ ከገበያ የተነሳ ጌም አይደለም። ለኔ ትልቁ ጥቅም ከነዚህ ሁሉ ይቀላል፦ ሰው ይደሰታል፣ ይስቃል፣ ከጓደኛው ጋር ይገናኛል። ደስታን እንደ ጥፋት የምናይበት ነገር አይገባኝም። አባቶቻችን ዳማና ገበታ ይዘው ከሰዓቱን ያሳልፉ ነበር፤ «ሱስ ያዛቸው» ያላቸው የለም።

በሽታ የሚሆነው መቼ ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት «የጌም መታወክ» ብሎ የሚጠራው ችግር አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 በጸደቀውና ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው 11ኛው የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ሦስት ነገሮች አብረው መኖር አለባቸው፦

👉 መቆጣጠር ማቃት፦ መቼ እንደሚጀምር፣ መቼ እንደሚያቆም በእጁ አለመሆኑ።

👉 ጌሙ ከሁሉም ነገር መቅደሙ፦ ከትምህርት፣ ከምግብ፣ ከሰው፣ ድሮ ይወደው ከነበረው ነገር ሁሉ።

👉 ጉዳቱን እያየ መቀጠሉ፦ ከክፍል እየወደቀ፣ ከሥራ እየተባረረ፣ ከቤተሰብ እየተጣላም አለማቆሙ።

ይሄም ሕይወቱን በግልጽ እየጎዳ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ 12 ወር የቆየ መሆን አለበት። ልብ በሉ፦ ዝርዝሩ ውስጥ «በቀን ይሄን ያህል ሰዓት» የሚል ቁጥር የለም። ስለዚህ የፈተና ዕረፍት ላይ ሁለት ሳምንት ጌም ላይ ያፈጠጠ ልጅ «ሱሰኛ» አይባልም። በሌላ በኩል በቀን ሁለት ሰዓት ብቻ እየተጫወተ ግን ትምህርቱን ትቶ፣ ገላውን መታጠብ ትቶ፣ ከሰው ተለይቶ ያለ ልጅ ካለ «ሁለት ሰዓት ብቻ ነው» ብላችሁ አትተኙ። ብዙ ጊዜ ከጌሙ ጀርባ ድብርት፣ ጭንቀት፣ ትምህርት ቤት ውስጥ የሚደርስ ጥቃት ወይም ሐዘን ይገኛል። ጌሙን ብትነጥቁት መደበቂያውን ነው የነጠቃችሁት፤ የሚደበቅበት ምክንያት እዛው ይቆያል።

ሰውነታችንስ?

እንቅልፍ፦ ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። የስልኩ ብርሃን ብቻ አይደለም ችግሩ፤ ልቡ ድው ድው እያለ ከጦር ሜዳ የወጣ ሰው ወዲያው እንዴት ይተኛል? ከመኝታ በፊት ቢያንስ የአንድ ሰዓት ክፍተት ይኑር፤ ስልኩ ከመኝታ ክፍል ውጭ ይደር። የናንተም ጭምር!

ዓይን፦ ስክሪን ላይ ስናፈጥ ዓይናችንን የምናርገበግበው ከወትሮው በጣም ባነሰ ሁኔታ ነው። መቆጥቆጡ፣ መድረቁ ከዚህ ይመጣል። በየ20 ደቂቃው 6 ሜትር ያህል ርቆ ያለ ነገር ላይ ለ20 ሰከንድ ዓይናችሁን አሳርፉ። ልጆች በቀን ውስጥ ከቤት ውጭ በተፈጥሮ ብርሃን መዋላቸው የርቀት እይታ ችግርን ለመከላከል ይረዳል። እና የኔን ስህተት አትድገሙ፦ ራሱን የሚያመው ልጅ ዓይኑ ይታይ።

እጅ፦ በአውራ ጣት በኩል የእጅ አንጓ ላይ የሚሰማ፣ ጣት ሲንቀሳቀስ የሚብስ ሕመም ካለ ጅማቱ ተቆጥቶ ሊሆን ይችላል። ጥቂት ሳምንት አሳርፉት፤ ካልተሻለ ታዩ።

ሕፃናት፦ የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ግልጽ ነው። ዓመት ያልሞላው ሕፃን ጭራሽ ስክሪን አያስፈልገውም፤ የአንድ ዓመት ልጅም አይመከርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉት ከአንድ ሰዓት አይብለጥ፣ ቢያንስ ደግሞ የተሻለ ነው። ልጁ እንዲበላላችሁ ወይም እንዲያርፍላችሁ ስልክ የምትሰጡ፣ ድካማችሁ ይገባኛል፤ ግን ቀስ በቀስ ቀንሱት።

ሳትዘገዩ ሐኪም ቤት የምትሄዱባቸው፦ ራስ ምታቱ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ከሆነ፣ ትውከት ካለው፣ እይታ ከደበዘዘ፣ ወይም ብልጭ ድርግም የሚል ነገር ሲያይ ራሱን የሚስትና የሚያንቀጠቅጠው ከሆነ።

ታዲያ ወላጅ ምን ያድርግ?

ዛሬ ማታ ልጃችሁ አጠገብ ተቀመጡና እነዚህን ጠይቁ። እንደ መርማሪ ፖሊስ ሳይሆን እንደ ሰው፦

1. ምን የሚባል ጌም ነው? እስቲ አሳየኝ።
2. ከማን ጋር ነው የምትጫወተው? (የማያውቀው ትልቅ ሰው ከሆነ፣ ፎቶ ወይም አድራሻ የሚጠይቀው ካለ ንቁ!)
3. ዙሩ ሲያልቅ ምን ይሰማሃል? ደስታ ወይስ ንዴት?
4. ብር ይገባበታል?
5. ጌሙ ባይኖር በዛ ሰዓት ምን ታደርግ ነበር?

አምስተኛዋ ለኔ ዋናዋ ናት። «እተኛ ነበር» ካለ ጌሙ የወሰደው እንቅልፉን ነው፤ ሰዓቱን አስተካክሉ። «ኳስ ሜዳ እሄድ ነበር፣ ግን ሜዳው ሕንፃ ተሠራበት» ካለ ጥፋቱ የጌሙ ብቻ አይደለም፤ ይሄ የኛ የከተሜዎች ሁሉ ጉዳይ ነው። «ምንም» ካለ ደግሞ ዝም ብላችሁ አትለፉት።

ወደዛ ልጅ ልመልሳችሁ። ከእናቱ ጋር ሦስታችን ተቀምጠን ተነጋገርን። ከማን ጋር እንደሚጫወት ስትሰማ ለትንሽ ጊዜ ዝም አለች፤ ከዛ «ለኔ ሲደውልማ ሥራ ላይ ነኝ ብሎ ይዘጋዋል» አለች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ጌሙ እንዲመለስ ተስማማን። ግን በአዘቦት ቀን የለም፤ ወንድሙ ሥራ በማይገባበት ቀን፣ በጊዜ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ሳያልፍ። በሌላው ቀን ስልኩ ሳሎን ያድራል።

ባለፈው የመጡት ለክትትል ነበር። መነጽሩ አምሮበታል። እንቅልፉ ሙሉ በሙሉ ባይስተካከልም ይሻላል። እናቱ እየሳቀች «አሁን ደግሞ እኔም አጠገቡ ቁጭ እላለሁ ዶክተር» አለችኝ። «ጨዋታው አይገባኝም። የልጄን ድምፅ ልስማ ብዬ ነው።»

ልጁ አጠገቧ ሆኖ አጉረመረመ፦ «እማ ደግሞ ሁሌ 'ከኋላህ ሰው መጣ!' እያለች ታስደነግጠናለች።»

እስቲ እናንተም በኮሜንት ንገሩኝ፦ አሁን የምትጫወቱት ምን ጌም ነው? ከማን ጋር? አልፈርድም፣ ቃሌ ነው። ጽሑፉ ይጠቅመዋል ለምትሉት ወላጅ ሼር አድርጉለት፤ በተለይ ዛሬ ስልክ ሊነጥቅ ለተነሳው።